በሦስት ቀን 97 ኪሎ ሜትር ከካንሰር ሕክምና በኋላ፦ ከምን ይጀመር?

መንገደኛዋ፦
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጥያቄው ስለ ታላቅ እኅቴ ነው። ለካንሰር ሕክምና ገንዘብ ለማሰባሰብ በሚደረግ የሦስት ቀን የእግር ጉዞ ተመዝግባለች። በጠቅላላው 60 ማይል፣ ማለትም 97 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ማታ ማታ ድንኳን ውስጥ ይታደራል። 22 ሳምንት ቀርቷል።

የጡት ካንሰር ሕክምናዋ ካለቀ ከዓመት በላይ ሆኗል። መጀመሪያ ዶክሶሩቢሲን፣ ቀጥሎ ፓክሊታክሴል የተባሉ የኬሞ መድኃኒቶች ወስዳለች። ከግራ ብብቷ የሊምፍ እጢዎች ወጥተዋል፤ ጨረርም ነበር። አሁን በየቀኑ ሌትሮዞል የሚባል የሆርሞን ክኒን ትውጣለች። የእግር ጣቶቿ እንደደነዘዙ ናቸው። ለጊዜው ሳትቸገር የምትሄደው 4 ኪሎ ሜትር ነው። «በርቺ፣ ትችያለሽ» የሚላት ሰው ሞልቷል፤ እኔ የምፈልገው ዝርዝሩን ነው።

አሰልጣኝ_ዘ፦
22 ሳምንት ይበቃል። ግን ከጫማ በፊት ሐኪም ይቅደም፤ ጥያቄውም በቁጥር ይቅረብ። «መራመድ እችላለሁ ወይ?» ያለች ታካሚ «አዎ፣ እንዲያውም ጥሩ ነው» ተብላ ትመለሳለች። «ሦስት ቀን በተከታታይ፣ በየቀኑ 32 ኪሎ ሜትር፣ 45 ሺህ ያህል እርምጃ» ስትል ግን ሐኪሙ ፋይሉን ከፍቶ ያያል። ዶክሶሩቢሲን የልብን ጡንቻ ሊያዳክም ይችላል፤ ጉዳቱ ከዓመታት በኋላ የሚወጣበት ጊዜ አለ። ስለዚህ የመጨረሻው የልብ አልትራሳውንድ መቼ እንደተነሣና ውጤቱን ትጠይቅ። ሌትሮዞል አጥንት ያሳሳል፤ የአጥንት ጥግግት ምርመራ ተደርጎላታል? የደም ማነስን የሚያሳየው ሄሞግሎቢኗስ ስንት ነው? የጣቶቿ መደንዘዝ እየቀነሰ ነው ወይስ ባለበት ቆሟል? እነዚህ ሳይመለሱ ፕሮግራም ማውጣት ግምት ነው።

ወደ ልምምዱ ስንመጣ፣ የአሜሪካ የስፖርት ሕክምና ኮሌጅ ያሰባሰባቸው ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ምክር ካንሰር ለታከሙ ሰዎች መነሻ ያደረጉት በሳምንት 3 ጊዜ ለ30 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ በተጨማሪም 2 ጊዜ ጡንቻ ማጠንከሪያ ነው። የመጀመሪያዎቹ 3 ሳምንታት ከዚህ አይለፉ። ከዚያ በኋላ የሳምንቱ ጠቅላላ ርቀት ቀስ በቀስ ይጨምር፤ በየአራተኛው ሳምንት ደግሞ በሲሶ ይቀነስ። አጥንትና ጅማት ከልብና ከሳንባ ዘግይተው ነው የሚጠነክሩት። ትንፋሽ ሲመቻት ርቀቱን የምታበዛ ሰው ጉዳቱን በጉልበቷና በቁርጭምጭሚቷ ታገኘዋለች።

ከ8ኛው ሳምንት ጀምሮ ቅዳሜና እሑድ ተከታታይ ይሁኑ። ቅዳሜ ረጅሙ፣ እሑድ የሱን ሦስት አራተኛ ያህል። የሚለካው እሑድ ነው፤ ማንም ሰው በትኩስ እግር 20 ኪሎ ሜትር ሊሄድ ይችላል፤ የደከመ እግር በማግሥቱ ምን እንደሚያደርግ ማወቅ ግን ሌላ ነው። ጣሪያው ጉዞው 3 ሳምንት ሲቀረው ቅዳሜ 28፣ እሑድ 22 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሦስቱን ቀን ሙሉ አስቀድሞ መሞከር አያስፈልግም፤ የሚጠይቀው ማገገሚያ ከሚሰጠው ጥቅም ይበልጣል። የመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ርቀቱ ግማሽ፣ ቀጥሎም ሩብ እየሆነ ይውረድ።

መንገደኛዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሳምንት ቢያመልጣትስ? አንዳንድ ቀን ድካሙ ከአልጋ አያስነሣትም።

አሰልጣኝ_ዘ፦
ያመለጠ ርቀት አይካካስም። አንድ ሳምንት ካመለጣት የቀደመውን ሳምንት ትድገም፤ ሁለት ካመለጣት ሦስት ሳምንት ወደኋላ ትመለስ። የካንሰር ድካም ተኝተው የሚያስወግዱት ዓይነት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ቀለል ያለ እንቅስቃሴ ከዕረፍት ይልቅ ያቀለዋል። መለያው እንዲህ ነው፦ 10 ደቂቃ በዝግታ ትሂድ። ከ10 ደቂቃ በኋላ ከተሻላት ትቀጥል፤ ከባሰባት ትመለስ፤ ያ ቀን ለዕረፍት ነው። ከረጅሙ ጉዞ በኋላ ድካሙ በማግሥቱ ማታ ድረስ ካልለቀቃት ደግሞ የሚቀጥለው ሳምንት በሲሶ ይቀነስ። ፍጥነቷ ደግሞ ሙሉ ዓረፍተ ነገር እየተናገረች መሄድ የምትችልበት ይሁን፤ ቃል በቃል እየቆረጠች የምታወራ ከሆነ ፈጥናለች።

ተረከዝ፦
እኔ ስለ እግሯ ብቻ እላለሁ፤ ምክንያቱም የዚህች እኅት ጉዞ የሚያልቀው ወይም የሚቋረጠው እዚያ ላይ ነው።

ጤነኛ እግር ውሃ ከመቋጠሩ በፊት ያቃጥላል። ያ ማቃጠል ማስጠንቀቂያ ነው፤ ሰው ቆሞ ያስተካክላል። ፓክሊታክሴል ያደነዘዘው እግር ግን አያስጠነቅቅም፤ ቆዳው ተልጦ ካልሲው በደም ሲርስ ነው የሚታወቀው። ስለዚህ «ሲሰማኝ እቆማለሁ» የሚለው ለእሷ አይሠራም። በስሜት ሳይሆን በሰዓት ትቆም። በእንዲህ ዓይነት ጉዞዎች በየ5 ወይም 6 ኪሎ ሜትር ማረፊያ አለ። በእያንዳንዱ፣ ቢያምም ባያምም፣ ሁለቱም ጫማ ይውለቅ። ካልሲ ይውለቅ። በትንሽ የእጅ መስታወት የውስጥ እግሯን፣ የተረከዟን ጎንና ጎን፣ በጣቶቿ መካከል ትይ። በእጇ ጀርባ ትዳስስ፤ ከሌላው ቦታ የሞቀ ነጥብ ካለ እዚያ ነው የሚቋጥረው። ጫማውን ገልብጣ ታራግፍ፣ ከዚያ እጇን አስገብታ ውስጡን ትዳብስ፤ የደነዘዘ ጣት የታጠፈ ሶልና ጠጠር አይለይም። ይህ ሁሉ 6 ደቂቃ ይወስዳል። 6 ደቂቃውን ለመቆጠብ ስትል ሁለተኛውን ቀን ታጣለች።

ውሃ የሚቋጥረው ለምን እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማል። በየእርምጃው አጥንቱ ይንሸራተታል፤ ቆዳው ግን ከካልሲው ጋር ተጣብቆ ይቀራል። በመካከል ያለው ሥጋ ደጋግሞ ሲሳብ የቆዳው ንብርብር ይለያያል፤ ክፍተቱም ውሃ ይሞላል። ላብ የነካው ቆዳ ይበልጥ ይጣበቃል። መፍትሔው ከዚህ ይወጣል፦ ጥጥ ካልሲ ላብ ይዞ ስለሚቀር ክልክል፣ ሱፍ ወይም ሰው ሠራሽ ክር ይሁን፤ ምሳ ላይ በደረቅ ይቀየር። ጣቶቿ የሚፋጩ ከሆነ ባለ ጣት ካልሲ አለ። ቫዝሊን የምትቀባ ከሆነ በየማረፊያው ትድገመው፤ መጀመሪያ ያንሸራትታል፣ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ግን ቆዳውን አለስልሶ ግጭቱን መልሶ ሊጨምር ይችላል።

ጫማው ከተለመደው ቁጥር ግማሽ ወይም አንድ ይብለጥ። ሙሉ ቀን ሲሄዱ እግር ያብጣል፤ ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ውፍረት ያህል ቦታ ይተረፍ። ጫማ የሚለካው ከሰዓት በኋላ፣ ለጉዞው በታሰበው ካልሲ ነው። ሁለት ጥንድ ይኑራት፤ ሁለቱም ቢያንስ 80 ኪሎ ሜትር የተለመዱ፣ ሁለቱም ከ500 ኪሎ ሜትር ያልበለጡ። ተረከዟ የሚንሸራተት ከሆነ ክሩን በጠቅላላ ማጥበቅ አይደለም መላው። በመጨረሻዎቹ ሁለት ቀዳዳዎች መካከል በየጎኑ ቀለበት ሠርታ የተቃራኒውን ክር በቀለበቱ ውስጥ አሳልፋ ትሰር። ተረከዙ ይያዛል፣ የእግሩ ጀርባ ግን አይታነቅም።

የእግር ጥፍር ከሳምንት በፊት ቀጥ ብሎ ይቆረጥ። ፓክሊታክሴል ጥፍርን ከሥሩ ሊያላቅቅ ይችላል። የላላ ጥፍር ካላት ከመነሻው ጀምሮ በስሱ በፕላስተር ትያዘው፤ ካልሲ ከሳበው ይነቀላል።

ሩጫ_ወዳድ፦
ውሃ ከቋጠረ በመርፌ ወግቶ ማፍሰስ ነው፤ በቃ። ደግሞ ዋናው ውሃ መጠጣት ነው፤ በየኪሎ ሜትሩ አንድ ትልቅ ብርጭቆ፣ ሳይጠማ በፊት።

ነርስ_በድንኳን፦
@ሩጫ_ወዳድ ሁለቱም ለዚህች ሴት አደገኛ ናቸው።

መርፌው መጀመሪያ። እግሩ ያልደነዘዘ፣ የመከላከል አቅሙ ያልተነካ ሰው ትልቅና የሚያምም ቋጠሮን ንጹሕ መርፌ ይዞ ከጠርዙ ወግቶ፣ የላይኛውን ቆዳ ሳይገፍ ሊያፈስ ይችላል። እግሩ የደነዘዘ ሰው ግን በኋላ ቢመረቅዝም አይሰማውም። የዳሌ ወይም የብሽሽት እጢ የወጣለት ሰው ደግሞ በእግሩ የገባ ጀርም በቀላሉ ይሰራጭበታል። እነዚህ ሰዎች ወደ ሕክምና ድንኳን ይምጡ፤ ሥራችን ነው። የታጠበና ያልተቀደደ ቋጠሮ ብዙ ጊዜ ዙሪያውን ከፍ ባለ ስፖንጅ ከልሎ መተው ይበቃዋል።

ፕላስተር ማታ ወይም ከመነሣት አንድ ሰዓት በፊት፣ ንጹሕና ደረቅ ቆዳ ላይ ይለጠፍ። ማዕዘኖቹ በመቀስ ክብ ይደረጉ፤ ሹል ማዕዘን ካልሲ ይዞ ይላጣል። ሲነሣ ወደ ላይ አይነጨቅ፤ በቆዳው ላይ ተኝቶ ወደ ኋላ ይጠቅለል። ጨረር ያረፈበት ቆዳ ላይ ግን አስቀድሞ ሳይሞከር ምንም ማጣበቂያ አይለጠፍ።

አሁን ውሃው። ብዙ ተሳታፊ የሚፈራው መድረቅን ነው፤ ከመጠን በላይ መጠጣት ግን ሰውን ቶሎ ራሱን ያስታል። ሳይጠማው በየኪሎ ሜትሩ የሚጠጣ ሰው የደሙን ሶዲየም (ጨው) ያቀጥነዋል። በዝግታ የሚሄዱት ይበልጥ ይጋለጣሉ፦ ላባቸው ትንሽ ነው፣ የመጠጫ ጊዜያቸው ግን ረጅም። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የጣቶችና የፊት ማበጥ፣ ከዚያ መቀባዠር ነው። ሰዎች ይህን ድርቀት መስሏቸው ሌላ ጠርሙስ ይሰጧታል፤ ያኔ ይብሳል። የስፖርት መጠጥም አያድንም፤ ያለው ሶዲየም ከደም እጅግ ያነሰ ነው።

ለክቶ ማወቅ ቀላል ነው። በልምምድ ቀን ሸንታ፣ ራቁቷን ትመዘን። ሳትጠጣ አንድ ሰዓት በጉዞው ፍጥነት ትሂድ፤ ላቧን ጠርጋ እንደገና ትመዘን። የቀነሰው እያንዳንዱ 100 ግራም 100 ሚሊ ሊትር ላብ ነው። ለብዙ ሰው በሰዓት ከ400 እስከ 800 ሚሊ ሊትር ይደርሳል፤ ለቀላል ተጓዥ በቀዝቃዛ ቀን ከዚያም ያንሳል። ከላቧ በላይ አትጠጣ። ሲጠማት ትጠጣ፣ በየማረፊያው ጨው ያለው ነገር ትቅመስ። ማታ ክብደቷ ከጠዋቱ ከበለጠ በዝቶባታል።

ፋርማሲ_ጥግ፦
ነርሷ ባሉት ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ለትኩሳት ስሜት፣ ማለትም በሆርሞን ክኒን ምክንያት በድንገት ለሚመጣው ወበቅ፣ ቬንላፋክሲን የሚታዘዝላቸው ሴቶች አሉ። ይህ መድኃኒት፣ እንዲሁም አንዳንድ የድባቴ መድኃኒቶችና ለደም ግፊት የሚሰጡ የሚያሸኑ ክኒኖች ሶዲየምን በራሳቸው ዝቅ ሊያደርጉ ይችላሉ። ከነዚህ አንዱን የምትወስድ ከሆነ ስለ ውሃው የተባለው እጥፍ ይመለከታታል። ቬንላፋክሲን ደግሞ አንድ ቀን ቢዘለል ማዞርና ማቅለሽለሽ ያመጣል፤ መንገድ ላይ ከሌላ ሕመም ጋር ይምታታል።

ስለ ሕመም ማስታገሻ፦ አይቡፕሮፌንን «ለማንኛውም» ብሎ ጠዋት መዋጥ የተለመደ ነው፤ መጥፎ ልማድ ነው። ላብ በበዛበት ቀን ኩላሊትን ይጎዳል። ሲስፕላቲን ለወሰዱ፣ ኩላሊታቸው ቀድሞ ተነክቶ ሊሆን ስለሚችል ጨርሶ ሳይጠይቁ አይውሰዱት። ፓራሲታሞል ለኩላሊት ይሻላል፤ ግን ትኩሳትን ይሸፍናል። ስለዚህ ከመዋጥዋ በፊት ሙቀቷን ትለካ፤ ትንሽ ቴርሞሜትር ክብደት የለውም።

መድኃኒት ሁሉ በወገብ ቦርሳዋ ይሁን። ሻንጣው በጭነት መኪና ቀድሞ ይሄዳል፤ መኪናው ከዘገየ ክኒኑም ይዘገያል። የሦስቱ ቀን መጠንና የሁለት ቀን ትርፍ በዋናው መለያ ካርቶን ትያዝ።

ባለ_እጅጌ፦
ስለ ክንዷ እስካሁን ማንም አልጻፈም። የሊምፍ እብጠት፣ ማለትም እጢዎቹ ከወጡ በኋላ ክንድ ውስጥ በሚጠራቀም ፈሳሽ የሚመጣ እብጠት፣ ሕክምና ላይ ለምንሠራ ሰዎች ዋናው እሱ ነው።

መጀመሪያ፣ አሁን ክንዷ ያበጠ ነው ወይስ አይደለም?

መንገደኛዋ፦
ክንዷ ባለፈው ክረምት ትንሽ አብጦ ነበር። የሚያጠብቅ እጅጌ ተሰጥቷት አሁን ወርዷል። ከባድ ነገር እንዳታነሣ ስለተነገራት የጡንቻ ማጠንከሪያውንም ፈርታዋለች።

ባለ_እጅጌ፦
እንግዲያው በዝርዝር እንሂድ።

«በዚያ ክንድ ምንም አታንሺ» የሚለው የቆየ ምክር ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ አንድ የታወቀ የሙከራ ጥናት ክንዳቸው ያበጠ የጡት ካንሰር ታካሚዎች በባለሙያ ክትትል ቀስ እያሉ ክብደት ቢያነሡ እብጠቱ እንደማይጨምር፣ እንዲያውም የሚባባስበት ጊዜ እንደሚያንስ አሳይቷል። ቁልፉ «ቀስ እያሉ» የሚለው ነው። በግማሽ ኪሎ ጀምራ፣ ሁለት ልምምድ ያለ ምልክት ካለፈ በኋላ በጥቂቱ ትጨምር። ክንዷ ከከበዳት ወይም ከጠበባት ወደ ቀደመው ክብደት ትመለስ። ሳምንት ሙሉ ካቋረጠች ቀንሳ ትጀምር።

እጅጌው ለጉዞው አዲስ ይለካ። በየቀኑ የሚለበስ እጅጌ በግማሽ ዓመት ውስጥ ይላላል፤ ያለፈው ክረምት እጅጌ አሁን ጨርቅ ነው ማለት ይቻላል። መለካቱ ጠዋት፣ ክንዱ ቀጭን በሆነበት ሰዓት ይሁን። ሁለት ትያዝ፤ አንዱ ሲታጠብ ሌላው ይለበሳል። እጅጌ ብቻውን ውሃውን ወደ መዳፍ ሊገፋው ስለሚችል የእጅ ጓንቱም አብሮ ይታዘዝ። ከለበሰች በኋላ ክርኗ ላይ የተጠቀለለ እጥፋት እንዳይኖር ትይ፤ ያ እጥፋት እንደ ደም ማሰሪያ ገመድ ሆኖ ያንቃል። የፀሐይ ክሬም ከቀባች እስኪደርቅ ትጠብቅ፤ ቅባቱ የእጅጌውን ላስቲክ ይበላዋል። ሙቀት ከበዛ እጅጌውን ሳታወልቅ ውሃ ታርከፍክፍበት።

በጉዞ ላይ የሁሉም ሰው እጅ ያብጣል፤ ለሰዓታት ተንጠልጥሎ ስለሚወዛወዝ። ይህን ከሊምፍ እብጠት መለየት ያስፈልጋል። ሁለቱም እጅ እኩል ካበጠ፣ እጅ ወደ ላይ ሲነሣና ሲታረፍ ከወረደ፣ ተራው ነው። ግራው ብቻ ከከበደ፣ በማግሥቱም ጠዋት ካልወረደ፣ ሊምፍ ነው፤ ያን ቀን ርቀቱ ይቀነስ። ግራው ከቀላ፣ ከሞቀ፣ ካመመና 38 ዲግሪ ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ማለት ከተጨመረበት ኢንፌክሽን ነው፤ ጉዞው እዚያው ያበቃል፣ በዚያው ቀን አንቲባዮቲክ ያስፈልጋታል። ነገ ጠዋት አይባልም።

ቀለበትና የእጅ ሰዓት ከግራ እጇ ከመነሻው ይውለቁ። በየ15 ደቂቃው ሁለቱንም እጆች ከትከሻ በላይ አንሥታ 20 ጊዜ ትጨብጥና ትዘርጋ። የመራመጃ ዘንግ ብትይዝ የበለጠ ጥሩ ነው፤ መጨበጡና መልቀቁ ጡንቻው ሊምፉን እንዲገፋ ያደርጋል። የደነዘዘ እግር ላላት ሴት ደግሞ ሚዛን ይሆናታል። ቁመቱ ክርኗ 90 ዲግሪ ገደማ የሚታጠፍበት ይሁን። የዘንጉ ማንጠልጠያ አንጓዋን እንዳያንቅ ይላላ። አንዳንድ አዘጋጆች ብዙ ሕዝብ በሚተፋፈግበት ክፍል ዘንግ ይከለክላሉ፤ ቀድሞ ይጠየቅ።

የጀርባ ቦርሳ አይሆንም። ማንገቻው ትከሻዋ ላይ ተጭኖ ሊምፉ የሚያልፍበትን መንገድ ይዘጋል። የወገብ ቦርሳ፣ ከሁለት ኪሎ ያልበለጠ።

አሰልጣኝ_ዘ፦
በዘንግ ላይ እስማማለሁ፤ ግን በመጨረሻው ወር የሚገዛ አይደለም። ትከሻ ለዘንግ እንደ እግር ልምምድ ይፈልጋል። ከ6ኛው ሳምንት ጀምሮ።

ተረከዝ፦
ሌትሮዞል ስላለ አንድ ነገር። ጠዋት መገጣጠሚያ ግትር ይላል፤ በመራመድ ይለቃል፣ አያስፈራም። አጥንት ላይ ያለ ስንጥቅ ግን የሚለየው በአንድ ጣት ጫፍ የሚጠቆም ነጥብ ላይ ማመሙ ነው። ሲሄዱ ይጨምራል፤ እየከፋ ሲመጣ ተቀምጠውም ላይለቅ ይችላል። ብዙ ጊዜ የእግር ጀርባ ላይ ወይም ቅልጥም ላይ። ያንን ይዞ መሄድ ስንጥቁን ስብራት ያደርገዋል።

አስተባባሪ፦
እንዲህ ያሉ ጉዞዎች እንዴት እንደሚሠሩ ከማዘጋጀቱ ጎን ልናገር። ከመመዝገቢያው ላይ የማይጻፉ፣ ግን ከተጠየቁ የሚመለሱ ነገሮች አሉ።

መንገዱ ስንት ሰዓት ይዘጋል? በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው 32ቱን በ6 ሰዓት ተኩል ይጨርሳል፤ የማረፊያና የምሳ ሰዓት ሲጨመር 8 ሰዓት ይሆናል። በሰዓት 4 የሚሄድ ግን ወደ 10 ሰዓት ይፈጅበታል። ተረከዝ ያለው የ6 ደቂቃ ፍተሻ በየማረፊያው ሲደመር ሌላ ግማሽ ሰዓት ነው። እኅትዎ በዝግታ የምትሄድ ከሆነ መጀመሪያ ከሚነሡት ጋር ትነሣ፤ ብዙ ሰው ሲነጋ ፎቶ ሲነሣ 40 ደቂቃ ያባክናል።

ሻወርና መጸዳጃ ከድንኳኗ ምን ያህል ይርቃሉ? የዳሌ ጨረር ለወሰዱና በሆዳቸው ላይ የሰገራ ወይም የሽንት መቀበያ ከረጢት ለተገጠመላቸው ይህ ትንሽ ጥያቄ አይደለም። አዘጋጁ አስቀድሞ ከተነገረው ቅርብ ድንኳን ይመድባል። ማቀዝቀዣ የሚፈልግ መድኃኒት ካለም እንዲሁ። ውጭ ማደር የማይመች ከሆነ ሌላ ቦታ አድሮ ጠዋት መመለስ በብዙ ቦታ ይፈቀዳል።

መኪና ላይ መውጣት ምን ያስከትላል? ብዙውን ጊዜ ምንም። አንዱን ክፍል በመኪና አልፎ ከሚቀጥለው ማረፊያ መቀጠል ይቻላል፤ የተሰበሰበው ገንዘብም አይነካም። ይህን ቀድሞ ያላወቀ ሰው ለጋሾቹን ያታለለ እየመሰለው እያነከሰ ይሄዳል።

ብዙ ዝግጅት ላይ ለታከሙ ሰዎች የተለየ ቀለም ሸሚዝ ወይም ባጅ ይሰጣል። መልበስ ግዴታ አይደለም። የለበሰ ሰው ቀኑን ሙሉ የማያውቃቸውን ሰዎች ታሪክ ያዳምጣል፤ ደስ የሚለው አለ፣ የሚደክመው አለ። በሁለተኛው ቀን መቀየር ይቻላል።

ነርስ_በድንኳን፦
የመኪናውን ነገር ላጠንክረው። መቼ እንደሚወጣ የሚወሰነው ቤት ነው፣ መንገድ ላይ አይደለም። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የደከመ ጭንቅላት ሁሌም «ትንሽ ቀርቷል» ነው የሚለው፤ ከኬሞ በኋላ ማተኮር ለሚቸገር ሰው ደግሞ ይብሳል። ወረቀት ላይ ይጻፍና አብራት ለምትሄደው ሰው ይሰጥ፦ ከአንድ ማረፊያ እስከሚቀጥለው ካነከሰች፣ የሚቀጥለው በመኪና ነው። ማነከስ ጭነቱን ወደ ሌላኛው ጉልበትና ዳሌ ያዞረዋል፤ የአንድ ቀን ቋጠሮ የወር ሕመም ይሆናል። በቀጥታ ወደ ሕክምና የሚያስኬዱት ደግሞ የደረት መጨነቅ፣ ሲተኙ የሚብስ የትንፋሽ ማጠር፣ አንድ ባት ብቻ አብጦና ሞቆ ማመሙ፣ መቀባዠር ናቸው። ታሞክሲፈን የሚወስዱ ተሳታፊዎች ስለ ባቱ በተለይ ያስቡ፤ መድኃኒቱ የደም መርጋት ዕድልን ይጨምራል። ወደ ቦታው በአውቶቡስ ወይም በአውሮፕላን ረጅም ሰዓት ተቀምጠው የሚሄዱ ከሆነ በየሰዓቱ ይነሡ።

ከደረት ቁጥሯ ጀርባ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት ይኑር፦ የመድኃኒቶቿ ስምና መጠን፣ አለርጂ፣ «በግራ ክንድ መርፌም የደም ግፊት መለኪያም አይደረግ»፣ የሐኪሟ ስልክ። ራሷን ብትስት ማንም ይህን አይገምትም።

ካምፕ እንደደረሰች ወዲያው አትቀመጥ፤ 5 ደቂቃ በዝግታ ትዘዋወር። የረጠበ ልብስ ትቀይር፣ እግሯን ታጥባ ታድርቅ፣ ከዚያ 20 ደቂቃ እግሯን ከልብ ከፍ አድርጋ ትጋደም። ማሳጅ ከተሰጠ ግራ ክንዷና ያ ትከሻ በጠንካራ እጅ አይታሽ። የሙቅ ውሃ ገንዳም ለዚያ ክንድ ጥሩ አይደለም።

መንገደኛዋ፦
ሁሉንም እያተምኩ ነው። ሁለት ነገር ቀረኝ፦ ጡት መያዣና ፀሐይ። የሲሊኮን ምትክ ጡት ነው የምትጠቀመው።

ባለ_እጅጌ፦
ሲሊኮኑ ከባድ ነው፤ ከሥሩም ላብ ይጠራቀማል። 8 ሰዓት ሲንቀሳቀስ ጠባሳው ላይ ያለውን ስስ ቆዳ ይልጣል። ለመንገድ ከስፖንጅ ወይም ከክር የተሠራ ምትክ ይሻላል፤ ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ እንዳይወጣ ትንሽ ክብደት ከውስጡ ይደረጋል ወይም በኪስ ውስጥ በመርፌ ቁልፍ ይያዛል። ጡት መያዣው ከሥሩ ስፌት የሌለው፣ ሰፊ ማንገቻ ያለው ይሁን፤ በልምምድ 20 ኪሎ ሜትር ያልተፈተነ ምንም ነገር በዚያ ቀን አይለበስ።

ጨረር ያረፈበት ቆዳ ለዘለቄታው ፀሐይን አይችልም። መሸፈን ከክሬም ይቀድማል፤ ለአንገትና ለደረት ጥቅጥቅ ያለ ስስ ልብስ። የክሬሙ የፀሐይ መከላከያ ቁጥር (SPF) 30 ወይም ከዚያ በላይ፣ በየሁለት ሰዓቱ። በግራ ክንዷ ፀሐይ ማቃጠልም የነፍሳት ንክሻም ለኢንፌክሽን በር ናቸው።

ሩጫ_ወዳድ፦
ስለ ውሃው ተምሬያለሁ፣ አመሰግናለሁ። ገንዘብ ማሰባሰቡስ? ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚያ ነው።

አስተባባሪ፦
ቶሎ መጀመር ነው። መጀመሪያ ለሁሉም አይላክ፤ በርግጠኝነት ለሚሰጡ ለ10 ያህል ሰዎች በየስማቸው ይጻፍ። ባዶ ገጽ ላይ የመጀመሪያው ሰጪ መሆን ሰው አይወድም፤ ጥቂት ስም ካለበት ሌላው ይከተላል። መሥሪያ ቤት ሠራተኛው የሰጠውን ያህል የሚጨምርበት አሠራር ካለ ይጠየቅ። ስለ ሕመሟ ምን ያህል እንደምትጽፍ ግን እሷ ትወስን፤ አንዴ ገጹ ላይ የወጣ ነገር አይመለስም፣ አሠሪም ያነበዋል።

ፋርማሲ_ጥግ፦
አንድ የሚረሳ ነገር፦ ከጉዞው በኋላ ያለው ሳምንት። የክትትል ደም ምርመራ ቀጠሮ ካላት ውጤቱን ያየ ሰው በከንቱ ሊደነግጥ ይችላል። ረጅም ጉዞ ከጡንቻ የሚለቀቁ ኢንዛይሞችን ከፍ ያደርጋል፤ ከነሱ መካከል በተለምዶ የጉበት ምርመራ ውስጥ የሚቆጠረው ኤኤስቲ አለ። ጉበቷ ምንም ሳይሆን ወረቀቱ ላይ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ይወጣል፤ ካንሰር ለታከመ ሰው ደግሞ ያ ቁጥር ሌላ ሐሳብ ያስገባል። ከተቻለ ቀጠሮውን ከጉዞው በፊት ያድርጉት፤ ካልሆነ ቢያንስ አንድ ሳምንት ያሳልፉ። መለወጥ ካልተቻለም ደም የሚቀዳው ሰው ሳይሆን ውጤቱን የሚያነበው ሐኪም መስማት አለበት፦ «ከአራት ቀን በፊት 97 ኪሎ ሜትር ተራምጃለሁ» ትበል።